ዘር መጠየቅ ተገቢ ነውን?

ይህንን አርእስት ያነሣነው የመከራከሪያ ርእስ ፈልገን አይደለም። ነገሩ በመካከላችን ደርሶ ስላየነውና እያየንም ዝም ስላልን ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ወንድማችን አንዲት እኅታችንን ሊያገባ አሰበ። ሁለቱም እዚሁ አስኮ ተወልደው ያደጉ፣ ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ አብረውን የቆዩ ናቸው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ግን የወንዱ ቤተሰብ እንደ ወጉ የልጅቱን ዘር አጠያየቀ። የአባቷ እናት በጎጃም ገጠር ሁለቱም እግራቸው አብጦ የሚኖሩ መሆናቸው ተሰማ። «ዘራቸው ዝሆኔ አለበት» ተባለ፤ ሽማግሌዎቹም ሳይላኩ ቀሩ። እኛም «የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ምን አገባን?» ብለን አለፍነው። እኅታችን ለሁለት ወር ያህል ከመዝሙር ጥናት ስትቀር እንኳ ቤቷ ሄደን የጠየቅናት ከሁለት አንበልጥም።

ኅሊናችን ሲወቅሰን ነው ዘግይተን ተሰብስበን የተወያየነው። በመጀመሪያው ቀን ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር። አብዛኞቻችን «ይህ የድሮ ሰው አጉል እምነት ነው፤ በሽታው ከዘር ጋር ግንኙነት የለውም፤ ይህንን ከሳይንስ አስረድተን ሽማግሌዎቹን ማሳፈር ነው» አልን። የሕክምና ትምህርት የምትከታተል አንዲት አባላችን ግን «ቆዩ፤ መጀመሪያ የተጠናውን እንይ» አለችን። ያየነውም እንደ ተመኘነው አልሆነም።

ዝሆኔ የሚለው ስም ከአንድ በላይ በሽታ ያጠቃልላል። አንደኛው በቆላ አገር በትንኝ ንክሻ በሚገባ ጥቃቅን ትል የሚመጣው ነው። በደጋውና በወይና ደጋው ያለው ግን ትልም ተሕዋስም የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ስሙም እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአገራችን ያገለገሉት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታው ያለበትን አገር ከአፈሩ ዓይነት ጋር እያስተያዩ ብዙ ደክመውበታል። ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ ቦታ፣ ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሰባብሮ በተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬ ነው የሚታመመው። ባዶ እግራቸውን ከሚሄዱ ሰዎች ብሽሽት ዕጢ ተወስዶ ሲመረመር የሲሊኮንና የአሉሚኒየም ደቃቅ ቅንጣቶች ተገኝተውበታል። አፈሩ በእግር ቆዳ ገብቶ እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው።

በሰውነታችን ውስጥ ባዕድ ነገር ሲገባ እየዋጡ የሚያስወግዱ ጠባቂ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት የአፈሩን ቅንጣት ይውጡታል እንጂ ሊፈጩት አይችሉም። በአንዳንድ ሰው ዘንድ ይህ ትግል መቆጣትን ያስነሣል፤ ከእግር ፈሳሽ የሚመልሱት ቀጫጭን ቱቦዎች እየጠበቡ ይደፈናሉ፤ ፈሳሹ ወደ ታች ይጠራቀማል፤ ቆዳው ይወፍራል፤ እግሩም ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የእነ ዶክተር ከበደ ደሪቤ አገር አቀፍ ጥናት ከ1,300 በሚበልጡ መንደሮች ከ129,000 በላይ ሰዎችን አይቶ፣ ከመቶው 4 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለባቸው አግኝቷል። ከዚያ በተሠራው ስሌት ደግሞ በአገራችን 1.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ዐዋቂዎች በሽታው እንዳለባቸው ተገምቷል። ይህን ቁጥር ስናነብ ዝም አልን። ከእኛ መካከል በአገር ቤት እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ስንት ነው?

ጥያቄው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአንድ መንደር ሁሉም ያው አፈር ላይ ባዶ እግሩን እየሄደ፣ አንዱ ቤት ሲታመም ጎረቤቱ ለምን ይድናል? ፕሮፌሰር ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት 59 ታማሚ ያለባቸውን ቤተሰቦች በትውልድ ቈጥረው አዩ። የታማሚ ወንድም ወይም እኅት በበሽታው የመያዝ ዕድል ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ የዘር ድርሻውም 63 በመቶ ያህል ተገመተ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2012 ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው የ194 ታማሚዎችንና የ203 ጤነኞችን ዘረ መል ከዳር እስከ ዳር አነጻጽረው ልዩነቱ የሚገኝበትን ስፍራ አመለከቱ። ስፍራው ኤችኤልኤ ይባላል። ሕዋሳት ያገኙትን ባዕድ ነገር ለመከላከያ ሕዋሳት አውጥተው የሚያሳዩባቸውን ፕሮቲኖች የሚሠሩት ጂኖች የሚገኙት እዚያ ነው።

ይህ ሲነበብ በክፍሉ ውስጥ የነበረውን ዝምታ ለመግለጽ ያስቸግረናል። አንድ ወንድማችን «እንግዲያውስ ሽማግሌዎቹ እውነታቸውን ነበር» አለ። እኅታችንም በዚያ ቀን ተገኝታ ነበር።

ተወያይተን የደረስንበትን በቅን ልቦና እንጻፍ። ሽማግሌዎቹ በግማሹ እውነታቸውን ነበር፤ እኛም በግማሹ ተሳስተን ነበር። በቤተሰብ የሚወረስ ነገር አለ። የሚወረሰው ግን በሽታው ሳይሆን ለአፈሩ መቸገር ነው። 63 በመቶ ማለትም ከመቶ ልጆች 63ቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም። ሁሉም ባዶ እግሩን በሚሄድበት አገር፣ አንዱ ታሞ ሌላው ለመትረፉ ምክንያት ከሆነው ልዩነት ውስጥ የዘር ድርሻ ይህን ያህል ነው ማለት ነው። አገሩ ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግ ያው ዘር ያው ሆኖ ሳለ በሽታው አይኖርም። ይህም በምኞት የተነገረ አይደለም። በሽታው ቀድሞ በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያ፣ በሞሮኮ፣ በካናሪ ደሴቶች፣ ከዚያም ወዲያ በአየርላንድና በስኮትላንድ ሳይቀር ይታይ እንደ ነበር ተጽፏል። ዛሬ ከእነዚያ አገሮች ጠፍቷል። እነዚያ ሕዝቦች ደማቸውን አልለወጡም፤ ጫማ ነው ያደረጉት።

ስለ ጫማ ስናነሣ በሰፈራችን ስም መገረማችን አልቀረም። አስኮ ሲባል ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የጫማ ፋብሪካ ነው። እኅታችንም ያደገችው እዚሁ ነው፤ ሕፃን ሳለች ጀምሮ ያለ ጫማ ከደጃፍ ወጥታ አታውቅም። አያቷ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግራቸውን ሲያርሱ፣ ሲያርሙ፣ ውሃ ሲቀዱ የኖሩ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የደም ሳይሆን የጫማ ነው። ለእሳቸው ጫማ ያልደረሳቸው ደግሞ በዘራቸው ሳይሆን በድኅነት ነው። ድኅነትን ዘር ብሎ መጥራት፣ ከሳሹ ሁሉ የሚገላገልበት ቀላል መንገድ ሆኖ አግኝተነዋል።

አንድ ሌላ ነገርም ተነሥቶ ነበር። «ንጹሕ ዘር» የሚባል ነገር በእውነት አለን? እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ በጉበት ውስጥ መድኃኒትን ከሚለውጡት ኢንዛይሞች የአንዱ ጂን ተደራርቦ ተገኝቶባቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ሲወስድ ሰውነቱ ፈጥኖ ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው፣ ለሌላው መድኃኒት የሆነው መጠን ለእሱ ሊበዛበት ይችላል። ከእኛ ከ30ዎቹ የጽሑፍ ክፍል አባላት መካከል ስምንት ዘጠኙ እንዲህ ልንሆን እንችላለን ማለት ነው፤ እነማን እንደ ሆንን ግን አናውቅም። ስለዚህ ጂን ዘር የጠየቀ፣ ጋብቻም ያፈረሰ ሰው አልሰማንም። የሚታየው እግር ስለ ሆነ ብቻ እግሩ ተፈረደበት።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ፤ ክርክሩ የበረታው እዚህ ላይ ነበርና። አንዲት እኅት እንዲህ አለች፤ «እኛ በመጀመሪያው ቀን በሽታው የዘር አይደለም ብለን ልንከራከር ነበር። ጥናቱ የዘር ድርሻ አለው ሲል ደነገጥን። እንግዲህ የእኅታችን ክብር በጥናቱ ውጤት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው? ነገ ሌላ ጥናት ቢወጣስ ክብሯ ከፍ ዝቅ ሊል ነው?» ለዚህ ወዲያው መልስ የሰጠ አልነበረም። እኛም ሽማግሌዎቹን ስንወቅስ በእነሱው ሚዛን ላይ ቆመን እንደ ነበር ያስተዋልነው ያን ጊዜ ነው። እነሱ «የዘር ነው፤ ስለዚህ አትጋባ» አሉ፤ እኛ «የዘር አይደለም፤ ስለዚህ ትጋባ» ልንል ነበር። ሚዛኑ ያው ነው። ጌታ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰውና ወላጆቹን ከወቀሳ ነፃ እንዳደረጋቸው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደጋግመን ተምረናል፤ ትምህርቱ ግን ለፈተና ጥያቄ እንጂ ለጎረቤታችን እግር አልዋለም ነበር።

የተቃወመም ነበር፤ ቃሉን ሳናሳንስ እንጻፈው። «ወላጅ ለልጅ ልጁ ማሰቡ ምን ነውር አለው? ይህ በጫማ የሚገታ ነው፤ ጫማ የሌለው፣ መከላከያ ያልተገኘለት በሽታ ቢሆንስ ምን ትሉ ነበር?» አለ። ከባድ ጥያቄ ነው። ሁለቱ ተጋቢዎች ራሳቸው ዐውቀው፣ ሐኪም ጠይቀው፣ ተማክረው ቢወስኑ ያስነውራል አንልም። ያሳዘነን መጠየቁ አይደለም። ጥያቄው ከልጅቱ ጀርባ በሹክሹክታ መጠየቁ፣ መልሱም ለሰፈሩ ሁሉ ሲደርስ ለእሷ መጨረሻ መድረሱ ነው። እነ ዶክተር ፋሲል ከዘረ መሉ ጥናት በፊት በወላይታ ሌላ ጥናት አድርገው እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል፤ ይኸውም ሕዝቡ ለምርምሩ ፈቃዱን እንዴት ይጠየቅ የሚል ነበር። ሰዎቹም በሽታው የቤተሰብ መሆኑ በይፋ ቢነገር መገለሉ ይብስብናል ብለው እንደሚፈሩ ገለጡላቸው። ተመራማሪዎች ደም ከመውሰዳቸው በፊት ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ እኛ አብረን የምንዘምር ሰዎች ስንት እጥፍ መጠንቀቅ ነበረብን?

ይህንን ጽሑፍ እያዘጋጀን ሳለን የእኅታችን አያት ከፋሲካ በኋላ ከጎጃም መጥተው ልጃቸው ቤት አረፉ። እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ ወደ ውስጥ ግን አይገቡም። ለምን እንደ ሆነ ያወቅነው ዘግይተን ነው። ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ እሳቸው ደግሞ እግራቸው እንዳይታይ ነጠላቸውን ዘርግተው ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ያስቀድሳሉ። እኛ በየሳምንቱ በአጠገባቸው ስናልፍ ደክሟቸው የተቀመጡ መስሎን ነበር።

የሕክምና ተማሪዋ አባላችን ሕክምናው ምን እንደ ሆነ አስረዳችን። እግሩን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ባለሙያ ባዘዘው መጠን ጀርም ገዳይ በገባበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተካፈሉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እንዲህ በተደረገላቸው ሰዎች ዘንድ ትኩሳትና ሥቃይ ያለበት ድንገተኛ ሕመም በዓመት 19 ጊዜ ገደማ፣ ባልተደረገላቸው ዘንድ ግን 24 ጊዜ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ለቀናት አልጋ ላይ ለሚውል ሰው ግን ትንሽ አይደለም። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ እግር ሲታጠብ እያየን ያደግን ልጆች፣ እግር ማጠብ መድኃኒት መሆኑን ከሕክምና ጽሑፍ መስማታችን ትንሽ አሳፍሮናል።

አሁን ከእኅቶቻችን ሁለቱ ረቡዕና ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ወደ ቤታቸው እየሄዱ ያጥቧቸዋል። መጀመሪያ እሺ አላሉም፤ «ልጆቼ፣ እጃችሁ ይሸተታል» ይሉ ነበር። እግራቸውን የሚችል ጫማ ከሱቅ ስላልተገኘ፣ እዚሁ ሰፈር ያለ አንድ ጫማ ሠሪ ለክቶ ሠርቶላቸዋል፤ ዋጋውንም በግማሽ ቀንሶልናል።

የጋብቻው ነገር ገና አልተቋጨም። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሆነን የወንድማችንን እናት ልናነጋግር ሄደን ነበር። ቡና እያፈሉ ሁሉንም በጸጥታ ሰሙን፤ ስለ አፈሩም ስለ ጂኑም ስንናገር አላቋረጡንም። ሁለተኛውን ስኒ ሲቀዱ ግን ቀና ብለው «ልጅ ቢወልዱና ልጆቹ ክረምት ጎጃም ቢሄዱ፣ ጫማቸውን አያወልቁም?» ሲሉ ጠየቁን። «አያወልቁም፣ እማማ» አልናቸው። «ልጅ መቼ ይሰማል» አሉና ስኒውን አቀበሉን።