ማን አዘዘልዎት?

ዲላን በገበያ ቀን ያየ ሰው ግርግሯን አይረሳውም። ከወናጎና ከይርጋጨፌ በኩል የሚመጣው ሚኒባስ፣ ቆጮና ሙዝ ተሸክሞ ከየቀበሌው የሚመጣው ገበሬ፣ የባጃጁ ጡሩምባ፣ የልብስ ሻጩ ጩኸት ሁሉ በአንድነት ይደባለቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ ጎልቶ የሚሰማ አንድ ድምፅ ግን አለ፤ የመድኃኒት ሻጩ። ጋሪ ላይ በጫናት ሞንታርቦ ዘፈን ይለቃል፤ ሰው ሲሰበሰብለት ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቶቼ! አባቶቼ! ወገባችሁን የሚያማችሁ፣ ጉልበታችሁን የሚይዛችሁ፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣችሁ!» እያለ ይጀምራል።

አክስቴ ከእነዚያ «እናቶች» አንዷ ነበረች። ዕድሜዋ ከስድሳ አልፏል፤ አብዛኛውን የጨረሰችው በእንሰትና በቡና ማሳ ውስጥ ጎንበስ ቀና ስትል ነው። ጉልበቷ ካመማት ቆይቷል። ሻጩ «እናቴ፣ ነይ ቅረቢ፤ የትኛው ጉልበትሽ ነው?» አላት። ቀረበች። ስሙን የማታውቀውን ክኒን በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጣት። እውነቱን ለመናገር፣ ጉልበቷ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀለል አላት። ደግማ ገዛች፤ ሠለሰች። ከሳምንታት በኋላ ግን ደም አስመለሳት።

ለካስ የቆየ የጨጓራ ሕመም ነበረባት። ክኒኑ ደግሞ ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ነበር። የዚህ ዘር መድኃኒቶች ሕመምን የሚቆርጡት፣ ሰውነት ውስጥ ሕመምንና እብጠትን የሚቀሰቅሰውን ንጥረ ነገር በማሳነስ ነው። ያው ንጥረ ነገር ግን የጨጓራን ግድግዳ ከገዛ አሲዱ የሚጠብቅ ዘብ ነው። ዘቡ ሲነሣ ቁስል የነበረበት ጨጓራ ይደማል።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋለች። ከአእምሮዬ ያልጠፋው ግን ሆስፒታል ውስጥ የሰማሁት አጭር ንግግር ነው። ወጣቱ ሐኪም፣ «እማማ፣ ይህን መድኃኒት ማን አዘዘልዎት?» ሲል ጠየቃት። አክስቴም በደከመ ድምፅ፣ «ማንም አላዘዘኝም ልጄ፤ እሱስ ለመነኝ እንጂ!» አለች።

እኔ በበኩሌ ስለ መድኃኒት ማስታወቂያ ከዚህ የጠለቀ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ቋንቋችን ሐኪም መድኃኒት «ያዛል» ይላል። ቃሉ የጌታና የሎሌ ወግ ስላለው ጆሮ ላይ ይከብዳል። ነጋዴው ግን አያዝም፤ ይለምናል። ለመሆኑ ከሁለቱ የትኛው ነው ሰውን የሚያከብር? አዛዡ ወይስ ለማኙ?

ከቡናው ልነሣ። ጌዴኦ የቡና አገር ነው። ዲላ ላይ አንድ ነጋዴ ቡናውን ቢያሞግስ የሚቆጣው የለም። ገዥው ፍሬውን በመዳፉ ያሻል፤ ያሸታል፤ ይነክሳል። ከዚያም ናሙናው ተወስዶ፣ ተቆልቶና ተፈልቶ፣ ቀማሽ በምላሱ መዝኖ ደረጃ ይሰጠዋል። የሻጭ ምላስ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ፊት ለፊቱ የገዥ ምላስ አለ። ገበያ ፍትሐዊ የሚሆነው በዚህ ነው፤ ሞጋሹ ያሞግሳል፣ ቀማሹ ይፈርዳል።

መድኃኒትን ግን ማን ይቀምሰዋል? በሽተኛው ክኒኑን ቢነክሰው መራራነቱን እንጂ ሌላ አያውቅም። ለእርሱ የሚሆንና የማይሆን መሆኑ በቀለሙ አይታይም፤ በሽታውም አይታወቅም። ይባስ ብሎ፣ የታመመ ሰው እንደ ቡና ገዥ «ዛሬ ዋጋው አልጣመኝም፣ በሚቀጥለው ገበያ እመለሳለሁ» ብሎ መሄድ አይችልም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ሕመም የያዘው ሰው የሚገዛው ክኒን ብቻ አይደለም፤ ተስፋ ነው። ተስፋን ደግሞ በሚዛን አስቀምጦ የሚከራከር ገዥ የለም።

ይህ የጋሪና የሞንታርቦ ጣጣ ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ ወደ አሜሪካ ይመልከት። በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒትን በቴሌቪዥን ለሕዝብ በስሙ ማስተዋወቅን በሰፊው የሚፈቅዱት አገሮች ሁለት ናቸው፤ አሜሪካና ኒውዚላንድ። አሜሪካ ውስጥ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደንቡን ካላላ በኋላ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ ሜርክ የተባለው ኩባንያ ቫዮክስ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ይዞ ብቅ አለ። ለማን? እንደ አክስቴ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው። ምን ብሎ? እንደ ሌሎቹ ጨጓራን አይጎዳም ብሎ። በ2000 ዓመት ብቻ ኩባንያው ቫዮክስን ለሕዝብ ለማስተዋወቅ ከ160 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ፤ በዚያ ዓመት ፔፕሲ ለለስላሳው፣ በድዋይዘርም ለቢራው ያወጡት ማስታወቂያ ከዚህ ያንስ ነበር። ዝነኛ የበረዶ ላይ ተንሸራታች በቴሌቪዥን ቀርባ ጤናዋን እንደመለሰላት ተናገረች። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ አሜሪካውያን ዋጡት። መስከረም 2004 ላይ ግን ኩባንያው ራሱ መድኃኒቱን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ፤ ለረጅም ጊዜ በወሰዱት ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን የመሰለ አደጋ እንደሚያበዛ በጥናት ተረጋግጦ ነበርና።

ልብ በሉ፤ በዚያ አገር ሐኪም አለ፣ ማዘዣ አለ፣ ተቆጣጣሪ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። ሆኖም በሽተኛው ሐኪሙ ዘንድ የገባው የመድኃኒቱን ስም ከቴሌቪዥን ሸምድዶ ነበር። ምን እንዳመመው ሊናገር ሳይሆን ምን እንዲታዘዝለት እንደሚፈልግ ሊናገር። ያኔ አዛዡ ሐኪም ራሱ ታዛዥ ይሆናል።

በእኛ አገር ሕጉ ጥሩ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 759፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይሸጥ መድኃኒት እንደ ሲጋራ ሁሉ ለሕዝብ እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። ይሁንና አንዳንድ ወዳጆቼ፣ «በሽተኛ የማወቅ መብት የለውም ወይ? ሰው ስለ ገዛ ሥጋው እንዳይነገረው መከልከል እንደ ሕፃን መቁጠር አይሆንም ወይ?» ብለው ይከራከሩኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ማስታወቂያ የሚያፍረውን ሰው አደፋፍሮ ሐኪም ቤት ቢያደርሰው ምን ክፋት አለው? ይላሉ።

ክርክሩ የዋዛ አይደለም። እኔ ግን መረጃንና ማስታወቂያን የምለይበት አንድ መመዘኛ አለኝ። መረጃ የሚሰጥ ሰው «ይህ ላንተ አይሆንም» ሊል የሚችል ነው። ብትገዛም ባትገዛም የሚያገኘው ያው ነው። አስተዋዋቂ ግን «አትግዛ» ካለ እንጀራው ይቋረጣል። ሐኪሙ አክስቴን ስለ ጨጓራዋ ጠየቃት፤ ሻጩ አልጠየቃትም። ክፉ ልጅ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት እርሱም አያውቅም። ጥያቄው ግን ከሥራው ጋር የሚጣላ ጥያቄ ነው።

ጌዴኦዎች ሶንጎ የሚሉት የአደባባይ ሸንጎ አላቸው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይመክራሉ፣ ይፈርዳሉ። እዚያ የተናገረ ሰው ነገም እዚያው አገር፣ እነዚያው ሰዎች መካከል ይገኛል፤ ስለ ቃሉ ይጠየቃል። ሞንታርቦ ላይ የተናገረ ግን ነገ ሌላ ከተማ ነው። ዛሬ ደግሞ ሞንታርቦው ከጋሪ ላይ ወርዶ በቴሌግራምና በቲክቶክ ስልካችን ውስጥ ገብቷል። ተጠያቂ የሌለው ቃል በየኪሳችን ይጮኻል።

እስከዚህ ድረስ ሻጩን ከሰስኩ። ፍርዴን እዚህ ላይ ባቆመው ግን ሐሰተኛ እሆናለሁ። ምክንያቱም አክስቴ ከዚያ በፊት ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ሄዳ ነበር። በመስኮቱ ቀዳዳ በኩል ክኒን ተሰጣት፤ «በቀን ሁለቴ፣ ከምግብ በኋላ» ተባለች፤ «ቀጣይ!» ተባለ። በማሸጊያው ውስጥ የታጠፈችው ወረቀት የተጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው። አክስቴ አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ነው። ፊደል አልቆጠረችም። በሕይወቷ ውስጥ ስለ ጉልበቷ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኗን እያየ፣ «እናቴ» ብሎ ያናገራት የመጀመሪያው ሰው ያ ሻጭ ነበር። ልጁ የሸጠላት መድኃኒት የተሳሳተ ነበር፤ የሰጣት ክብር ግን ቀድሞ ልንሰጣት ይገባን የነበረ ነው።

እንግዲህ ሐሰተኛውን ዝም ያሰኘ ሕግ እውነተኛውን ካላናገረ ግማሽ መንገድ ነው የሄደው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ በሰው ቋንቋ መናገር እንደሚቻል አሳይተዋል። የመድኃኒት ባለሙያውም ከመስኮቱ ጀርባ ሆኖ ሁለት ነገር ቢጠይቅ ወጪ የለውም። «ሌላ ሕመም አለብዎት? ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ማለት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። አክስቴ ያችን አንዲት ደቂቃ አጥታ አንድ ሳምንት አልጋ ላይ ተኛች።

ባለፈው ጊዜ ዲላ ሄጄ አብረን ገበያ ወጣን። ሞንታርቦው እንደ ወትሮው ይጮኻል። ሌላ ልጅ፣ ሌላ ጋሪ። «እናቴ፣ ነይ ቅረቢ!» አላት። ቀረበችና፣ «ይህ መድኃኒት ለማን አይሆንም?» ብላ ጠየቀችው።

ልጁ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ዘፈኑን ከፍ አደረገው።