እንግዳውና ተቀባዩ በአንድ ቃል

ሐዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ «ክሴኖስ» የሚባል ቃል አለ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ራሱን እንግዳ ብሎ የጠራበት ቃል ይኸው ነው፤ ባዕድ፣ መጻተኛ ማለት ነው። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 16፥23 ጋይዮስንም በዚሁ ቃል ይጠራዋል፤ እርሱም ሐዋርያውንና መላዋን ቤተ ክርስቲያን በቤቱ የተቀበለ ሰው ነበር። ግሪኮች ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታቸው ከቃል ድህነት የመጣ አይደለም፤ የእንግድነት ኪዳን እንግዳውንም ተቀባዩንም ያስር፣ ለልጆቻቸውም ይተላለፍ ነበርና።

በዕብራውያን 13፥2 እንግዳን መቀበል ተብሎ የተተረጎመው «ፊሎክሴኒያ»ም በቁሙ እንግዳን መውደድ ነው። ሳይወዱ ማዕድ ማቅረብ ይቻላል፤ ቃሉ ግን ፍቅርን ይጠይቃል።

እንግዲህ በባዕድ ምድር የምንኖር ምእመናን፣ እኛ ከሁለቱ የትኞቹ ነን? እንግዶች ነን ማለት ይቀናናል፤ ሐሰትም አይደለም። ሆኖም ብዙዎቻችን የመኖሪያ ፈቃድ አግኝተን፣ ልጆች አሳድገን፣ ይህን ደብር ተክለናል። ትናንት በረሃና ባሕር አቋርጦ የደረሰው ወጣት ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ብቻውን ሲቆም፣ ለእርሱ የቤቱ ባለቤቶች እኛ ነን። ታዲያ ገና እጁን ሳንጨብጥ «የየት አገር ልጅ ነህ?» የምንለው ለመቀበል ነው ወይስ ለመለየት?