ሳይሰብኩ ማስተማር፦ የካቶሊክ የወንዶች ትምህርት ቤት በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የሚገኝ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ከአውሮፓ አቻዎቹ የሚለየው ከሁሉ በፊት በተማሪዎቹ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ በመቶ እንኳ አልሞሉም። በዚህም ምክንያት እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች በአንድ ክፍል ከሚቀመጡት ልጆች የሚበዙት የሌላ እምነት ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ወላጅ ልጁን የሚያስገባው ለትምህርቱና ለሥርዓቱ ብሎ ነው፤ እምነቱን እንዲያስለውጥለት የሚልክ የለም። እንግዲህ የራሱን እምነት የማይሰብክ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ሃይማኖታዊነቱ ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄው በአገሪቱ ታሪክ የቆየ ቁስል ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1603 የገባው የካቶሊኩ የጀስዊት ማኅበር ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በአድዋ አቅራቢያ ፍሬሞና ላይ ልጆችን ያስተምር ነበር። ከልጆቹ አልፎ ቤተ መንግሥት ደረሰ፤ አፄ ሱስንዮስም እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጹ። ተከትሎ የመጣው ዐመፅና እልቂት ነው። ንጉሡ በ1632 የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ጀስዊቶቹም ተባረሩ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ1839 የመጡት ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ አገሬው ካቶሊክ አቡነ ያዕቆብ የሚላቸው፣ በትግራይ ጓላ ላይ ልጆችን ሰብስበው ሲያስተምሩ ያ ትዝታ አልጠፋም ነበር። በጎጃም ተወልዶ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የበሰለው ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል እሳቸውን በመከተሉ ታስሮ በ1855 በእስር ላይ ሞተ። የውጭ መምህር ሲመጣ “ፊደል ሊያስቆጥር ነው ወይስ ሃይማኖት ሊያስለውጥ?” ብሎ መጠርጠር ከዚህ የመጣ እንጂ ባዶ ጭፍንነት አይደለም።

በሌላ በኩል ወሎ ውስጥ ይህ ጥያቄ ለረጅም ዘመን ሳይነሣ የኖረው እያንዳንዱ ሃይማኖት የራሱን ልጅ ለብቻው ያስተምር ስለነበር ነው። ከግራናና ከመርሳ በስተ ደቡብ፣ በደሴ አቅጣጫ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ የመሠረቱት ትምህርት ቤት አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙ መነኮሳትን አፍርቷል። ግራናና መርሳ ባሉበት በየጁ ምድር ደግሞ ዳና የታወቀ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነው። የቆሎ ተማሪው ወደ የኔታ፣ ደረሳው ወደ ሸኹ ይሄዳል። የሁለቱ ቤተሰቦች ልጆች በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፣ አንዳንዴም ይዛመዳሉ፤ የሚማሩት ግን ለየብቻ ነው። የአካባቢው ልጆች በአንድ ወንበር የተቀመጡት የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲመጣ ነው።

ዘመናዊ ትምህርትም ሲጀመር ጥርጣሬው አብሮ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መምህራን ግብፃውያን ኮፕቶች እንዲሆኑ የተደረገው ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ አውሮፓውያንን ስላላመኑ ነበር። ነገሩን የለወጡት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1945፣ ራሳቸው በ1925 የመሠረቱትን ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ለካናዳ ጀስዊቶች ሰጡ። ፋሲለደስ ያባረሩትን ማኅበር የኦርቶዶክስ ንጉሠ ነገሥት በክብር ጠርተው መለሱት ማለት ነው። ግን በውል ነው፤ እንደ ካህን አይለብሱም፣ አይሰብኩም። በሲቪል ልብስ የሚያስተምሩት እነ ዶክተር ሉሲየን ማት ውሉን አከበሩ። ማት በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መሪ መሆናቸው የተገኘውን አመኔታ ያሳያል። በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌም አገሩን ክፍት አካባቢና የቤተ ክርስቲያን አካባቢ ብሎ ከፍሎ፣ በሁለተኛው ውስጥ ሚሲዮን ሊያስተምርና ሊያክም እንጂ ሊሰብክ አይችልም አለ።

የወንዶች ትምህርት ቤት ሲባል በአዲስ አበባ ቶሎ የሚጠራው ቅዱስ ዮሴፍ ነው። የደ ላ ሳል ወንድሞች የሚመሩት ይህ ትምህርት ቤት ሥሩ ፈረንሳይ፣ ሬምስ ከተማ ውስጥ ነው። ቄስ ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል በ1680ዎቹ የድሃ ወንዶች ልጆችን በነፃ የሚያስተምሩ ሰዎችን ሰበሰበ። ማኅበሩን የሠራበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። ወንድሞቹ ቄስ እንዳይሆኑ ከለከለ፤ መምህር ለቅዳሴ ሲጠራ ክፍሉን እንዳይተው ነው። ልጆቹ ንባብ የሚጀምሩት በላቲን ሳይሆን በአፋቸው በፈረንሳይኛ እንዲሆን አደረገ። በዚያ ዘመን ልጅ ተራውን ጠብቆ ለብቻው ለመምህሩ ያነብ ነበር፤ እሱ ክፍሉን በሙሉ በአንድ ትምህርት አስኬደ። መምህሩ ብዙ እንዳይናገር በእጁ ትንሽ የእንጨት ማንቂያ ይይዛል፤ አንዴ ሲያንቋቋው የሚያነበው ልጅ ይቆማል። የእኛ የኔታ አለንጋና ድምፅ ነበራቸው፤ የደ ላ ሳል ወንድም ዝምታን መረጠ።

ከዚህ ማኅበር ልማዶች ለጥያቄው ቅርብ የሆነው አንድ ነው፦ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ጸጥ ብለው በእግዚአብሔር ፊት መሆናቸውን ያስባሉ። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ልጅ ይህን ሲያደርግ ከእምነቱ የሚያጣው የለም። ካቶሊክነት እዚህ ላይ የትምህርት ዓይነት መሆኑ ቀርቶ የማስተማር ጠባይ ሆኗል፤ ሰዓት አክባሪነት፣ ለደካማው ተማሪ መታገሥ፣ ተማሪዎች “ብራዘር” እያሉ የሚጠሩት መምህር ሚስትና ሀብት ትቶ ለእነሱ መኖሩ።

ይህን መልስ ሁለት ወገን አይቀበለውም። አንዱ “ወንጌል የማይሰበክበት የካቶሊክ ትምህርት ቤት ስም ብቻ ነው” ይላል። ሌላው ዝምታው ራሱ ስብከት እንደሆነ ይጠረጥራል፤ ልጅ የሚወደውን መምህር እምነት መውደዱ አይቀርም ባይ ነው። ሁለተኛው የሚናቅ አይደለም፣ ግን ከልኩ ያልፋል፤ በጥሩ ምሳሌ መሳብ ማስገደድ ከሆነ በዓለም ላይ ንጹሕ መምህር አይገኝም። ለመጀመሪያው የመለሰው የቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ ጉባኤ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በጥቅምት 28 ቀን 1965 (እ.ኤ.አ.) ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርትና ክርስቲያን ካልሆኑ ሃይማኖቶች ጋር ስላለው ግንኙነት ሁለት መግለጫዎችን በአንድ ቀን አወጣ፤ በታኅሣሥ ወር ደግሞ ማንም በእምነት ጉዳይ ሊገደድ እንደማይገባ ደነገገ። በኢትዮጵያም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። የጀስዊቶቹ ውል ዛሬ የሁሉም ሕግ ሆኗል።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ቦታ ነው። ደ ላ ሳል የከፈተው ለድሃ ልጅ በነፃ ነበር፤ ዛሬ በትልልቅ ከተሞች ስማቸው የገነነው የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ክፍያ ያስከፍላሉ፣ መግቢያቸውም ጠባብ ነው። ያለ ገቢ መምህር አይቀጠርም፤ ምክንያቱ ይገባል። ሆኖም ስለ ስብከት የተደረገው ጥንቃቄ ያህል ስለ ክፍያው አልተደረገም። ቤተ ክርስቲያኒቱ በእምድብር፣ በሆሳዕና፣ በሶዶና በአዲግራት አካባቢ ለገጠር ልጆች የምታስተዳድራቸው ትምህርት ቤቶች ከአዲስ አበባዎቹ ይልቅ ለመሥራቹ ዓላማ ይቀርባሉ።