መጽሐፉ ከጸሐፊው ሊሻል ይችላልን?

«ልብ ወለድ» የሚለውን ቃል ሁላችንም እንናገረዋለን፤ ከየት እንደ መጣ የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 በሮም ከተማ አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ስሟንም «ልብ ወለድ ታሪክ» አሏት። በኋላ «ጦቢያ» ተብላ የታወቀችው ይህችው ናት። ለአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ በኩር ስለሆነች፥ የእርስዋ መጠሪያ የነበረው ቃል ለድርሰቱ ዓይነት ስም ሆኖ ቀረ። ዓይን ያየው፥ ጆሮ የሰማው ሳይሆን ልብ የወለደው ታሪክ ማለት ነው።

ዛሬ ብዙዎቻችን ይህችን መጽሐፍ በስም እንጂ በንባብ አናውቃትም። «የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የትኛው ነው?» ተብሎ በፈተና ሲመጣ መልሱን እንጽፋለን፤ ከዚያ ወዲያ አንሄድም። ስለዚህ ታሪኩን ባጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ጦቢያና ዋሕድ መንትያ እኅትና ወንድም ናቸው። አባታቸው የጦር አለቃ ሆኖ ሳለ በጦርነት ተማርኮ ቤተ ሰቡ በችግር ላይ ይወድቃል። አንድ ደግ ነጋዴ ለማስለቀቂያ የሚሆነውን ገንዘብ ለዋሕድ ይሰጠዋል፤ አባትም ነጻ ይወጣል። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ማን ቅር ይለው ነበር? ዋሕድ ግን ዐርፎ መቀመጥ አልሆነለትም። የነጋዴውን ወሮታ ልመልስ ብሎ ፍለጋ ሲወጣ በመንገድ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባትዋ ጋር ወንድሟን ልትፈልግ ትነሣለች። ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ መከራና ብዙ መገናኘት ነው፤ ፍጻሜውም ሠርግ ነው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፥ መጽሐፊቱ ጉድለት አላት። ሰዎቹ በአጋጣሚ ይገናኛሉ፥ በአጋጣሚ ይለያያሉ፤ ጦቢያ ከመጠን በላይ ውብ ናት፥ ደጉም ሰው ከመጠን በላይ ደግ ነው። ቋንቋው ግን ከጣፋጭነቱ የተነሣ ይህን ሁሉ ያስረሳል። ዋሕድም አይረሳም። ያለ ዋስ፥ ያለ ወለድ የተሰጠውን ገንዘብ ዝም ብሎ ቢቀበል የሚከሰው ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን የተደረገለት ደግነት ዕዳ ሆኖ ተሰማው። ይህን ያህል የሚሰማው ሰው በእኛ ዘመን ይገኝ ይሆን?

አሁን ወደሚያስቸግረው ነገር እንምጣ። ዋሕድን የፈጠሩት ሰው ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ኢጣልያ ልከው ያስተማሯቸው ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ ግን ከወራሪው ጋር ቆሙ፤ «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕረግም ተቀበሉ። በአገራችን ልማድ አፈ ንጉሥ ለንጉሡ ይፈርድ ነበር፤ እርሳቸው ግን የባዕድ ቄሣር አፍ ሆኑ። ከነጻነት በኋላ ወደ ጅማ ተግዘው፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ዐረፉ። ለአንድ ነጋዴ ወሮታ ሲል የተንከራተተውን ልጅ በልባቸው የወለዱ ሰው የአገራቸውን ወሮታ እንዲህ መለሱ።

ከመካከላችን አንዳንዱ «እንግዲያው መጽሐፉ ይቅርብን፤ ከመረረ ምንጭ ጣፋጭ ውኃ አይቀዳም» ይላል። ይህ አነጋገር ላይ ላዩን ሲያዩት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ አይመልስም። ደራሲው ክፉ ስለሆነ መጽሐፉ ክፉ ከሆነ፥ ደራሲው ደግ ስለሆነም መጽሐፉ ደግ ሊሆን ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በዚያው ጦርነት ተዋግተው፥ ተማርከው በኢጣልያ ታሥረዋል፤ በኋላም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጽፈውልናል። ይሁን እንጂ መጽሐፉን የምንወደው ደራሲው ስለ ታሠሩ አይደለም። እንደ እርሳቸው የታሠሩ፥ ከእርሳቸውም የበለጠ የተሠቃዩ ብዙዎች ነበሩ፤ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን የሰጠን ግን ሌላ አልተገኘም።

ሌላው ደግሞ «የጸሐፊው ሕይወት ምን አገባን? መጽሐፉን ብቻ እናንብብ» ይላል። ይህም ቀላል አይደለም። በዚያ ወረራ ልጅ የሞተበት ቤተ ሰብ «ምን አገባን» ሊል አይችልም።

እኛ እንደሚመስለን፥ መንገዱን የሚያሳየን ያው ዋሕድ ነው። ነጋዴውን ሊፈልግ ሲወጣ ዕዳውን ያወቀው ከተቀበለው ስጦታ እንጂ የነጋዴውን ግብር መርምሮ አልነበረም። እኛም ከዚህች መጽሐፍ ስለ ውለታ አንዳች ነገር ከተማርን፥ ከነጋድራስ አፈወርቅ ተቀብለናልና አልተቀበልንም ማለት ውሸት ይሆንብናል። ዕዳ አለብን ማለት ግን እናሞግስ ማለት አይደለም፤ የወረራውን ዘመን ሥራቸውን መሸፈንም የእነዚያን የሞቱትን ዕዳ መካድ ነው።

ስለዚህ መጽሐፉን በጋራ ስናነብ ከታናናሾቻችን አንዱ «እኒህ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ሁለቱንም እንነግረዋለን። የትኛውን አስቀድመን እንደምንነግረው ግን እስካሁን አልተስማማንም።