የበዓል ድስት ለማን ይጣዳል?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ ጾም ስትደነግግ ቃሏ ቁርጥ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ቀኖና ዓርብ ዓርብ ሥጋ እንዳይበላ ያዛል፤ ከስንት ዓመት ጀምሮ ከሥጋ መታቀብ እንደሚገባ፣ በዐመድ ረቡዕና በስቅለት ማን እንደሚጾም በዕድሜ ለይቶ ይነግራል። ወደ በዓል ሲመጣ ግን ቅዳሴ አስቀድሱ፣ ከሥራ ዕረፉ ከማለት አያልፍም። ዶሮ ይሠራ፣ ክትፎ ይከተፍ፣ ድፎ ይደፋ የሚል አንቀጽ የለውም። ይህ ዝምታ ዝንጋታ አይመስለኝም። ጾምን ማዘዝ ይቻላል፣ ደስታን ግን ማዘዝ አይቻልም፤ ስለዚህ የበዓሉ ጓዳ ለቤተሰቡና ለሀገሩ ተትቷል። ጥያቄው እንግዲህ ቤተሰቡ ይህን ነጻነት በምን ይለካዋል የሚለው ነው። የእኔ መልስ ገበታው ማንን ማስቀመጥ እንደቻለ እንይ የሚል ነው፤ ሻሸመኔን በመሰለ ከተማ ደግሞ ይህ መለኪያ ከሁሉም ይቀድማል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ601 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ታላቁ ጎርጎርዮስ ወደ እንግሊዝ ለሚጓዘው ለአባ ሜሊቱስ በላከው ደብዳቤ፣ ሕዝቡ ለጣዖት በሬ ማረድ የለመደ ከሆነ ልማዱን አትንጠቁት፣ በሰማዕታት በዓል ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ዳስ ጥሎ፣ አርዶ፣ እግዚአብሔርን እያመሰገነ ይብላ የሚል ምክር ሰጥቷል። ምግቡ የሀገሩ ሆኖ ቀረ፣ የተለወጠው የሚበላበት ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ የየሀገሩ ካቶሊክ የየራሱን ማዕድ ሠርቷል። ፖላንዶች በገና ዋዜማ ሥጋ የሌለባቸው 12 ዓይነት ምግቦች አቅርበው ላልተጠበቀ እንግዳ አንድ ባዶ ቦታ ይተዋሉ፤ ሲሲሊያውያን በቅዱስ ዮሴፍ ቀን ገበታ ዘርግተው ድሃ ያበላሉ። በወጡ ዓይነት አይመሳሰሉም፤ ሁለቱም ግን ለሌላ ሰው ቦታ ይተዋሉ።

ሻሸመኔ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የሐዋሳ፣ የባሌና የወላይታ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። አርሲ ኦሮሞው፣ ወላይታው፣ ከምባታው፣ ሀዲያው፣ ጉራጌውና አማራው ጎረቤት ነው፤ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱም እንዲሁ። ካቶሊኮች በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከሀገሪቱ ሕዝብ 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ እዚህ ያለ የካቶሊክ ቤተሰብ በዓሉን ከጎረቤት ጋር ካላከበረ ብቻውን ሊያከብር ነው። በፋሲካ ዋዜማ ሽንኩርቱ በደረቁ እየተቁላላ ያመሻል፣ በርበሬው ይገባል፣ ዶሮው 12 ብልት ሆኖ ታጥቦ ይጠብቃል፤ በሬው በቅርጫ ተገዝቶ በመደብ ይካፈላል። ሁሉም መልካም ነው። ነገር ግን ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም፤ በበዓሉ ትልቁ ክብር የተሰጠው ምግብ የቅርቡ ጎረቤት እጁን የማይሰድበት ሆኖ ያርፋል። ባለሙያ ሴቶች መላውን ካወቁት ቆይተዋል፤ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ድስት ለብቻው ይጣዳል። የአካባቢው ድንች በአልጫ ይሠራል፣ ጨጨብሳው በቅቤና በማር ይታሻል፣ አይቡና ድፎው ይቀርባል፣ ከጠላና ከጠጁ ጎን ያልፈላ ብርዝ ይቀመጣል። ይህ ድስት እንደ ተጨማሪ ነገር ይታያል። እኔ ግን የበዓሉ ዋና ድስት እሱ ነው እላለሁ።

ይህ ጨዋነት እንጂ ሃይማኖት አይደለም፣ ደግሞም የክርስቲያን ገበታ በሌላ እምነት ሕግ ለምን ይታሰራል የሚል ይኖራል። የቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷ ሰነድ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራል። ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1441 በፍሎረንስ ጉባኤ ላይ ተገኝተው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ጉባኤው ለግብፅ ክርስቲያኖች ያወጣው ሰነድ ሰዎች የሚመገቡት ምንም ዓይነት ምግብ እንደማይኮነን፣ እንስሳውን ማን እንደገደለው እየለዩ መከልከልም እንደማይገባ ይናገራል፤ የተፈቀደውን ነገር ለምግባርና ለሥርዓት ሲባል መተው ግን እንደሚቻል ያክላል። በእርድ መለያየቱ እንግዲህ የሀገር ልማድ እንጂ የካቶሊክ ትምህርት አይደለም፤ ካቶሊኩ በዚህ ነገር ነጻ ነው፣ ነጻ የሆነ ሰው ደግሞ ለሌላው ሲል መተው ይችላል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋ አልበላም ብሎ የጻፈው የእምነት ወንድምን ብቻ የሚመለከት ነው የሚል ቢነሳ፣ እዚያው መልእክት ውስጥ ለአይሁድም ለግሪክም ለቤተ ክርስቲያንም መሰናክል አትሁኑ ማለቱን ማስታወስ ይበቃል። ሁለተኛው ድስት የተጣደው በፍርሃት ሳይሆን በዚህ ነጻነት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከማድ ቤት ይመጣል። ሁለት ድስት ሁለት እጥፍ ድካም ነው፤ ድካሙም የሚወድቀው በእናትና በሴት ልጆች ላይ ነው። ይህን በትሕትና ስም ማለፍ አይቻልም፤ በበዓል ከሥራ ዕረፉ የሚለው ቀኖና ለወንዶች ብቻ አልተጻፈምና። እናት ከምድጃ ሳትነሳ የዋለችበት ቀን ለእሷ በዓል አልነበረም። መፍትሔው ግን እንግዳውን መተው አይደለም። ሽንኩርቱን አባትና ወንዶች ልጆች ይላጡ፣ የሚቻለው በዋዜማ ይለቅ፣ የወጡ ዓይነት ይቀነስ። ጌታ ማርታን የወቀሳት በብዙ ነገር ስለተጨነቀች ነው፤ ራት አይሠራ አላለም። የዶሮና የበሬ ዋጋ ሰውን ብድር በሚያስገባበት ጊዜ ደግሞ ርካሹ ድስት ዋናው ቢሆን ቤቱም ያርፋል።

እንዲያውም የካቶሊክ ጓዳ ለዚህ የሚሆን ልምምድ በየሳምንቱ አለው። ዓርብ ሥጋ ይቀራል፣ ዓሣ ግን ይፈቀዳል፤ የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ቆሮሶው ተጠብሶ ከተቀቀለ ድንች ጋር ሲቀርብ ካቶሊኩ ጾሙን ጠብቋል፣ ሙስሊሙም ማን አረደው ብሎ አይጠይቅም። ኦርቶዶክሱ ዓሣ የማይቀምስ ከሆነ ድንቹና ሽሮው በዘይት ይሠራለታል። በዓርብ የሚቻለው በፋሲካና በገና የማይቻልበት ምክንያት የለም። አቅም ያለው ሁለቱን ይጣድ፤ አንዱን ብቻ የሚችል ቤት ግን ሁሉም የሚበላውን ይምረጥ፣ ሥጋ ቀረ ብሎም አይፈር፤ ቀኖናው የጠየቀው ቅዳሴና ዕረፍት ነው፣ የቀረው ለጎረቤት ቦታ መስጠት ነው።