ያልወደድኩትን ልጅ ማቀፌ ኒፋቅ ነበርን?

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ከባለቤቴ እንኳ የደበቅኩት ነው። ለመጻፍ የደፈርኩት እንደኔ የተጨነቁ፣ ነገር ግን አፍ አውጥተው ለመናገር ያፈሩ እህቶችና ወንድሞች ይኖራሉ ብዬ ስለማምን ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ እናትም አባትም የሞቱበት አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ልናሳድግ ተረከብን። የወለድናት አንዲት ልጃችን ትዳር ይዛ ከወጣች በኋላ ቤቱ ጭር ብሎብን ነበር። ልጁ የስኳር ሕመም አለበት። ሕመሙ አዋቂዎችን እንደሚይዘው፣ በእንክብልና በምግብ ጥንቃቄ እንደሚያዘው ዓይነት አይደለም። የልጁ ሰውነት ኢንሱሊን ማመንጨት አቁሟል፤ ያለ መርፌ መኖር አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1922 ካናዳ ውስጥ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለታማሚ ከመሰጠቱ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ዕድሜው እጅግ አጭር ነበር።

ልጁ ወደ ቤታችን ሲገባ በአንድ እጁ ልብሱ ያለበትን ፌስታል፣ በሌላው ቀዝቃዛ ውሃ ያለበትን ፔርሙዝ ይዞ ነበር። ከፔርሙዙ ውስጥ ሁለት ብልቃጥ ወጣ፤ አንዱ እንደ ውሃ የጠራ፣ ሌላው እንደ ወተት የደፈረሰ። ነርሷ የጠራውን አስቀድሜ እንድስብ፣ የደፈረሰውን ሳልንጠው በመዳፎቼ መካከል ቀስ አድርጌ እንዳንከባልል፣ አንድ ቦታ ደጋግሜ እንዳልወጋ አሳየችኝ። ከሁለት ቀን ትምህርት በኋላ ከልጁና ከመርፌው ጋር ለብቻዬ ቀረሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት “ሴትዮዋ” ነበር የሚለኝ። የመርፌውን ላስቲክ ስቀድ ድምፁን ይሰማና ከሶፋው ጀርባ ይገባል። ጎትቼ አወጣዋለሁ፤ ይዤ እወጋዋለሁ፤ ከዚያ ቁርሱን አቀርባለሁ። እርሱ ግን ከወጋችው እጅ መጉረስ እምቢ ይላል። ኢንሱሊን ተወግቶ አለመብላት ደግሞ ስኳሩን ከልክ በታች የሚያወርድ አደጋ ነውና እለምነዋለሁ፣ እቆጣዋለሁ፣ መልሼ እለምነዋለሁ። ማታ ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ግን ሮጦ ይጠመጠምበታል። እርሱ መርፌ አይዝማ! በገዛ ባለቤቴ እቀና ጀመር።

እውነቱን ልናገር፦ ልጁን አልወደድኩትም ነበር። አዝኜለታለሁ፣ ደክሜለታለሁ፣ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት እየተነሳሁ ጣቱን ወግቼ ስኳሩን ለክቻለሁ። ነገር ግን ልጄን ገና በሆዴ ሳለች የወደድኩበት ያ ስሜት አልመጣም። ሰው ባለበት ሳቅፈው የማታለል ያህል ይሰማኝ ነበር።

ሊጠይቁን የሚመጡ እህቶች ቡና እየጠጡ “ማሻአላህ፣ አንቺማ ጀነትሽን ይዘሻል” ይሉኛል። የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደ ሁለት ጣቶች ቅርብ እንደሚሆን የሚያበስረውን ሐዲስ ያልሰማ የለምና። እኔ ግን ውስጤ ይቃጠላል። ልቤ ባዶ ሆኖ እጄ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ይህ ኒፋቅ አይደለምን? እያልኩ እጠይቅ ነበር።

ይህ ጥያቄ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። ቀስ በቀስ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ኒፋቅ ምንድን ነው? ሰውን ለማታለል ብሎ በልብ የሌለውን በውጭ ማሳየት ነው። ሙናፊቅ ተመልካች ሲጠፋ ሥራውን ይተዋል። ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት እኔን የሚያይ ሰው አልነበረም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ ቁጥር 129 ባሎች የቱንም ያህል ቢጓጉ በሚስቶቻቸው መካከል ፍጹም ማስተካከል እንደማይችሉ ይነግረናል፤ ሆኖም ጨርሶ ወደ አንዷ አዘንብለው ሌላዋን እንዳይተዉ ያዛል። ከዚህ የምረዳው የልብ ዝንባሌ ሙሉ በሙሉ በእጃችን እንዳልሆነ፣ የምንሠራው ግን በእጃችን እንደሆነ ነው። ስለ የቲም የመጡትንም ትእዛዛት ስናስተውል አታጨቁኑት፣ አትገፍትሩት፣ ገንዘቡን አትብሉ፣ አብሉት የሚሉ ናቸው። በእጅ የሚፈጸሙ ናቸው። ልባችሁ እስኪሞቅ ድረስ ጠብቁ የሚል ግን አላገኘሁም።

ሁለተኛ፣ ስሜት ብቻውን ምን ያህል ይሸከማል? ከኛ በፊት ልጁን አንድ ሌላ ቤተሰብ ወስዶት ነበር። ባዩት ቀን እንደወደዱት፣ አልጋ እንደገዙለት፣ ስሙን እየጠሩ እንዳለቀሱ ሰምቻለሁ። በሦስተኛው ወር መለሱት። አልፈርድባቸውም፤ ሌሊቱ ከባድ ነው፣ የደም መለኪያው ወረቀትም ውድ ነው። ፍቅራቸውም ውሸት ነበር አልልም። ነገር ግን የልጁ መብት በፍቅራቸው ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ስለነበር ፍቅሩ ሲደክም ልጁ አብሮ ወደቀ። ከሶፋው ጀርባ ይገባ የነበረው መርፌውን ፈርቶ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ይህንን ከሰማሁ በኋላ ነው። እኔንም የምመልሰውን ቀን እየጠበቀ ነበር።

ሦስተኛ፣ እስልምና በዚህ ጉዳይ ላይ ያስተማረን ትልቅ ነገር አለ፤ እርሱም መቅረብ ውሸት እንደማያስፈልገው ነው። ጎረቤቶች “በባልሽ ስም አስጠሩትና ይርሳው” ብለውን ነበር። እኛ ግን ትምህርት ቤት ስናስመዘግበው በወላጅ አባቱ ስም አስመዘገብነው። በሱረቱ አል-አሕዛብ የታዘዝነው በአባቶቻቸው ስም እንድንጠራቸው ነውና። ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳን እናስታውስ። ወላጅ አባቱ ሊወስደው በመጣ ጊዜ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር መቅረትን መረጠ፤ ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድም ተባለ። አንቀጹ ሲወርድ ስሙ ወደ አባቱ ተመለሰ። ፍቅሩ ግን ቀነሰን? አልቀነሰም። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሙእታ እስከተሰዋበት ቀን ድረስ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቅርብ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕጻናት መብቶች ስምምነት ከጉዲፈቻ ጎን “ከፋላ”ን በስሙ መጥቀሱም ያለ ምክንያት አይደለም። በከፋላ ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ አይሰረዝም፤ የሚያሳድገውም ሰው ያልሆነውን ነኝ አይልም። እናቱ ነኝ ብዬ ሳልዋሽ የእናትን ሥራ መሥራት ከተፈቀደልኝ፣ ፍቅሬ ሞልቷል ብዬ ሳልዋሽ የፍቅርን ሥራ መሥራት ለምን ይከለክለኛል?

“ልጅ ግዴታ ብቻ አይበቃውም፣ ፍቅር ይፈልጋል” የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ልጅ እንደ ዕቃ ተጠብቆ አያድግም፤ ቀዝቃዛን እጅም ያውቃል። ስለዚህ ግዴታውን ፈጽሜያለሁ ብዬ መተኛት አልተገባኝም። መርፌውን ከመውጋቴ በፊት እጄን ማሞቅ፣ “ያማል፣ ግን ያልፋል” ብዬ እውነቱን መንገር፣ የትኛውን ጭን እንደምወጋ እርሱን ማስመረጥ ተማርኩ። በሱጁድም “ያ አላህ፣ እጄን የሰጠኸኝን ያህል ልቤንም ስጠኝ” እያልኩ እለምን ነበር። የሌለኝን እንዳለኝ አላስመሰልኩም፤ የሌለኝን ከባለቤቱ ጠየቅሁ። በኒፋቅና በኢባዳ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አንድ የረመዳን ሌሊት፣ ሱሁር ሳይደርስ፣ መብራትም ጠፍቶ ሳለ፣ አንዲት ትንሽ እጅ ትከሻዬን ነካችኝ። ልጁ ነው። ፊቱ በላብ ርሷል። “እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው” አለኝ። ባለቤቴ በበሩ በኩል ነበር የተኛው፤ እርሱን አልፎ፣ አልጋውን ዞሮ ነው ወደኔ የመጣው። በስልኬ ብርሃን ለካሁት፤ ስኳሩ ወርዷል። ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣሁት፤ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሩብ ሰዓት ጠበቅሁና ደግሜ ለካሁ። ወጥቷል። ዳቦ ቆረስኩለት፤ ከእጄ ጎረሰ። እንቅልፍ ሲወስደው ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፦ በዚያ ሁሉ ጊዜ ልጁን እወደዋለሁ ወይስ አልወደውም ብዬ ልቤን አልጠየቅሁም ነበር።

ለምን ወደኔ መጣ? የምታቆላምጠው እጅ የኔ ስለነበረች አይደለም፤ በሰዓቷ የምትመጣው እጅ የኔ ስለነበረች ነው። ልጅ የልባችንን ምስጢር አያነብም፤ ነገ መገኘት አለመገኘታችንን ግን ይቆጥራል። ከዚያ ሌሊት በኋላ ሁሉም ነገር ቀለለ አልልም። ዛሬም መርፌውን የሚጠላባቸው ቀናት አሉ፤ እኔም የምደክምባቸው ቀናት አሉ። ፍቅሩ ግን፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ በየትኛው ቀን እንደገባ ሳላውቀው ቤቴ ገብቷል። ባይገባስ ኖሮ? የልጁ መብት ከመብትነቱ ቅንጣት አይቀንስም ነበር።

እንግዲህ ለወንድሞቼና ለእህቶቼ ጥቂት ልበል። የቲም ወዳለበት ቤት ስትገቡ “ጀነትሽን ያዝሽ” አትበሉ። ልጁ ይሰማል፤ ራሱንም የሌላ ሰው አጅር መሰላል አድርጎ ያያል። በሱረቱ አል-ኢንሳን የተመሰገኑት ድሃን፣ የቲምን፣ ምርኮኛን አብልተው ከእነርሱ ክፍያም ምስጋናም እንደማይሹ የተናገሩት ናቸው። ከልጁ ፍቅርን እንደ ክፍያ መጠበቅም ያው ነው። “አንድ ከረሜላ ምን ታደርገዋለች?” አትበሉ። “መርፌውን ተይና ጥቁር አዝሙድ ስጪው” ብላ የመከረችኝ እህት በጎ አስባ ነው፤ ምክሯን ብሰማ ግን ልጁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችል ነበር። ዱዓውም ሩቃውም ከመርፌው ጋር እንጂ በመርፌው ፋንታ አይደለም። ይልቅ “አንድ ሌሊት ልጠብቅልሽ፣ አለካኩን አሳዪኝ” በሉ። የመስጊድ ጀመዓ የመለኪያውን ወረቀት ወጪ ቢጋራ ስንት የቲም ከመመለስ ይድን ይሆን?

ወደ ውጭ አገር የሚደረገው ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ወላጅ ላጡ ልጆቻችን ቤት የምንሆነው እኛው ነን። ጤነኛውን የሚፈልግ ብዙ ነው፤ ፔርሙዝ ይዞ የሚመጣውንስ? “ልቤ ዝግጁ አይደለም” ብላችሁ የምታመነቱ ካላችሁ መጀመሪያ ልባችሁን ሳይሆን እጃችሁን ጠይቁ፦ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ትነሳለች ወይ? መልሱ “ኢንሻአላህ አዎ” ከሆነ ልብን የሚገለባብጠው አላህ ነው፤ የቀረውን ከእርሱ ለምኑ። ወላሁ አዕለም።