መጽሐፉ አንድ፣ ዳኛው ማን?

የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ሙግት ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ስለ ሮማው ጳጳስ፣ ስለ ቅዱሳን ሥዕል ወይም ስለ ኃጢአት ሥርየት ደብዳቤ ይወራል። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ሥር ያለችው ጥያቄ አንዲት ናት ባይ ነኝ፤ ሁለት ቅን ሰዎች አንዱን ገጽ አንብበው ሁለት ነገር ቢረዱ ማን ይዳኛቸው?

በ1519 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዮሐን ኤክ የተባለው የካቶሊክ ሊቅ ማርቲን ሉተርን ላይፕዚግ ላይ የገፋው ወደዚችው ጥያቄ ነበር። ሉተርም ጳጳስ ብቻ ሳይሆን ጉባኤም ሊሳሳት እንደሚችል፣ በ1415 ያን ሁስን ለእሳት የዳረገው የኮንስታንስ ጉባኤ ካወገዘበት ትምህርት ውስጥ እውነተኛ ክርስቲያናዊ የሆነ እንዳለበት በአደባባይ ተናገረ። ከዚያ በኋላ የቀረው ዳኛ መጽሐፉ ብቻ ሆነ።

መጽሐፍ ደግሞ አፍ የለውም። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በኦክቶበር 1529፣ ሉተርና የዙሪኩ ሰባኪ ዝዊንግሊ ማርቡርግ ላይ ተገናኙ። ያገናኛቸው የሄሰኑ መስፍን ፊሊፕ ነው፤ መቼም መስፍን ያለ ጉዳዩ ሊቃውንት አይሰበስብም፣ ተሐድሶውን የተቀበሉት ግዛቶች በንጉሠ ነገሥቱ ፊት አንድ ሆነው እንዲቆሙለት ይፈልግ ነበር። ሁለቱም ከሮማ የተለዩ፣ ሁለቱም ግሪክኛውን የሚያነቡ፣ ሁለቱም ከመጽሐፉ በላይ ዳኛ የለም የሚሉ ሰዎች ናቸው። ከ15 ነጥቦች በ14ቱ ተስማሙ። ጌታ በመጨረሻው እራት ስለ ኅብስቱ የተናገረው ቃል ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ከረረ። ሉተር ቃሉን ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ጽፎ፣ «ነው» ከተባለ ነው፣ ብሎ ጸና፤ ለዝዊንግሊ ደግሞ «ነው» እዚህ ላይ «ያመለክታል» ማለት ነበር። በአንዲት ማሰሪያ አንቀጽ የተነሳ የታሰበው ኅብረት ሳይሆን ቀረ።

ካቶሊኩ ይህን አይቶ «ብያችሁ ነበር» ቢል አይፈረድበትም። የትሬንት ጉባኤም በ1546 በመጽሐፉ ትርጉም ላይ የመፍረድ ሥልጣን የቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ደነገገ። ጠንካራ መልስ ነው። ነገር ግን ድንጋጌም ያው ይነበባል። በ1870 የቫቲካን ጉባኤ፣ ጳጳሱ ከመንበሩ ሆኖ ስለ እምነትና ስለ ምግባር ሲደነግግ አይሳሳትም አለ። በ1994 ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ለሴቶች ክህነት መስጠት አይቻልም ብለው ሲጽፉ፣ ይህ ከማይሳሳተው ወገን ነው አይደለም በሚል የተከራከሩት የራሳቸው የካቶሊክ ሊቃውንት ናቸው። ተርጓሚውም ተርጓሚ ሊፈለግለት ነው!

እንግዲህ «ለቤተ ክርስቲያን ታዘዝኩ» የሚለኝም፣ «ለቃሉ ታዘዝኩ» የሚለኝም፣ ማንን እንደሚያምን አስቀድሞ በገዛ ኅሊናው መርጧል። ያንን ምርጫ የሚመርጥለት ጉባኤም ጥቅስም የለም። የሚያስፈራኝ መምረጡን የረሳ ለት ነው። ሁስን የፈረዱበት ጳጳሳት ነበሩ እንበል፤ በ1553 ሚካኤል ሰርቬተስን ጄኔቭ ላይ ያቃጠሉት ግን ጳጳስ አልነበራቸውም። በእጃቸው የነበረው መጽሐፉ ነው።